እትዬ ድገሙት፦ በአንድ ጠብታ ደም ያላመኑት የላቦራቶሪ ባለሙያ

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ድገሙት ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በጥቅምት ወር 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ታናሽ ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት እርሳቸው ነበሩ።

በ1963 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቀው፣ ወንዝ ዳር በሚገኝ የእንቅልፍ በሽታ ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ፀፀ የተባለችው ዝንብ ስትነክስ ወደ ሰው የምታስተላልፈውን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ ከደም ውስጥ መፈለግ ነበር። ዝንቧን ሰማያዊ ቀለም ስለሚስባት፣ አባታቸው ለጣቢያው ሰማያዊ የጨርቅ ወጥመድ ይሰፉ ነበር። «የሰው ልብስ ሰፍቼ ሳልጨርስ ዝንብ ማልበስ ጀመርኩ» እያሉም ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። ወጥመዶቹን ወንዝ ዳር የሚሰቅሉት ደግሞ፣ በእትዬ አማላጅነት የተቀጠሩት ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ።

በ1966 ዓ.ም. ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ሰማያዊ ሸሚዝ በለበሱ ቁጥር «ወጥመዱ መጣ» ይባሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸውን ትኩሳት እየተመላለሰ ያማቸው ጀመር። እትዬ አንድ ስላይድ፣ ማለትም በመስታወት ላይ የተቀባ አንድ ጠብታ ደም፣ አይተው፣ «ነፃ ነህ፣ ድካም ነው» ብለው ወደ ሥራ መለሷቸው። ከአራት ወር በኋላ ወንድማቸው በምሳ ሰዓት ማንኪያ እንደያዙ እንቅልፍ ይጥላቸው ጀመር። ቤተሰቡ በስንፍናቸው ሲቀልድ እትዬ ብቻ አልሳቁም። ደሙን እንደገና ቀድተው ደጋግመው መረመሩ፤ በሰባተኛው ስላይድ ላይ ተሕዋሱን አገኙት። አንጎል ደርሶ ነበር።

የዚያን ጊዜው መድኃኒት ራሱ ሰው ይገድል ነበር። ወንድማቸው ግን ተቋቋሙት፤ ሁለት ዓመትም በየስድስት ወሩ ተመረመሩ። የመጨረሻውን ስላይድ እትዬ ዐይናቸውን አላምን ብለው ባልደረባቸውን ጠሩ። ባልደረባቸው «የለም» ሲሉ፣ «ድገሙት» አሉ። በሦስተኛው ላይ ባልደረባቸው፣ «እትዬ፣ አሁንስ እኔን እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው፤ ልጁ ድኗል!» አሉ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እርሳቸው አለቀሱ። «እትዬ ድገሙት» የሚለው ስምም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጣላቸው።

እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ፣ ያንን ስሕተታቸውን ለአዲስ ሠልጣኝ ሁሉ ሳይደብቁ አስተምረዋል። ወንድማቸው ቀን ጋደም ባሉ ቁጥርም «ተነሥ እስቲ፣ ልይህ» ማለታቸውን እስከ ቅርብ ጊዜ አልተዉም።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በ72 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተውልናል።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከአልጋቸው ሥር ያልተነሡት፣ ዐይናቸውንም ያልከደኑት ወንድማቸው ነበሩ። እትዬም ቀና ብለው አይተዋቸው፣ «አንተ፣ አሁን እንኳ ተኛ፤ ፈቅጄልሃለሁ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ስጋት በሌለበት ያሳርፍልን። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።