የነነዌ ሰሞን የታረደ በግ

ከቢቸና፣ መጋቢት 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የሞጣ ብርድ ቀለል አለልሽ? ጠበሉስ ለጉልበትሽ በጀሽ ወይ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። የላክሽልኝን ቆሎ ባልደረቦቼ ከእኔ ቀድመው ጨረሱት፤ ፖሊስ ጣቢያችን ሌባ መያዝ ያቃተው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

አደራሽን፣ ይህን ደብዳቤ ከወንድምሽ ከአጎቴ ከጓዴ ልጆች በቀር ሌላ ሰው ያንብብልሽ።

የዘመዳችን የአካለ ወልድ ልጅ ይርጋነሽ ከአባቷ ርስት መባረሯን ሰምተሻል። አጎቴ ናቸው፣ «አካለ ወልድ ሳይሞት መሬቱን ተናዞልኛል» ብለው ወረቀት አውጥተው ያስወጧት። ዛሬ ልጆቿን ይዛ እዚህ ሰው ቤት ተጠግታለች። ኑዛዜው ሐሰት ነው ብላ ስትከስ ምርመራው እኔ እጅ ወደቀ። ዝምድናዬን ለአለቃዬ ብነግረው ሌላ መርማሪ የለኝም፣ አንተው ያዘው አለኝ።

አጎቴ ጣቢያ ድረስ መጥተው ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ ብለው ሳቁብኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ያስገባህ ማን ነው አሉኝ። እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ውለታቸውን አልክድም፤ ግን እንደ ጉቦ ሲያወጡት ደሜ ፈላ።

ኑዛዜው የተደረገው የካቲት ዘጠኝ ቀን 1957፣ ማክሰኞ ነው ይላል። ረቡዕንና ዓርብን በብልሃት ሸሽተዋል። እኔም ምስክሮቹን ፋንታንና ወልደ ሰንበትን ለየብቻ አስገብቼ፣ መሬቱን ትቼ ስለ ግብዣው ጠየቅኋቸው። በአገራችን የኑዛዜ ምስክር ሳይበላ አይሸኝም። ሁለቱም በግ ታርዶላቸው እንደ በሉ ነገሩኝ፤ ፋንታማ ስለ ቅልጥሙ ሳይቀር አወራልኝ። በቃላቸው ላይ አስፈረምኳቸው።

ከዚያ ያንኑ ቄስ ትምህርት ቤት የቀሰምኩትን የጾምና የበዓል ማስያ፣ ባሕረ ሐሳብን ይዤ ቁጭ አልኩ። በዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ የገባው የካቲት ስምንት ሰኞ ነበር። ማክሰኞው የጾሙ መካከል ነው። ነነዌ በየዓመቱ ቀኑን ይለውጣልና አጎቴ ቆይተው ወረቀቱን ሲያጽፉ ዘነጉት። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስም አስልተው ይህንኑ መሰከሩ። በነነዌ በግ አርዶ ሰው የሚጋብዝ ጎጃሜ እስካሁን አላየሁም።

ትናንት አጎቴ ሽማግሌ ላኩብኝ። «የሥጋ ዘመድህን ታሳስራለህ ወይ?» አሉኝ። «ይርጋነሽስ የማን ሥጋ ናት?» አልኳቸው። መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፌዋለሁ፤ አልመልሰውም።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሦስተኛ ምስክር አለች፤ ሴት ናት፣ ሞጣ ትኖራለች። ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱ ላይ አሻራዋን ያሳረፈችው የለመናትን ሰው ቃል አምና ነው። ችሎት ስትቀርብ ወይ ወንጌል ላይ እጇን ጭና በነነዌ ሥጋ በላሁ ማለት አለባት፣ ወይ እዚያ ቤት አልነበርኩም ብላ ወንድሟን ማሳሰር። እኔ የማውቃት ታማ እንኳ ነነዌን አልሻረችም። ምን በይ አልላትም። ፖሊስ ድንገት ደጇ ላይ ቆሞ እንዳያስደነግጣት ብዬ ነው አስቀድሜ መጻፌ። በቅሎ እልክላታለሁ። የተናገረችውን ብትናገር፣ ከችሎት እጇን ይዤ የማወጣት እኔ ነኝ።

መድኃኔዓለም ልብሽን ያጽናልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። በጸሎትሽ አትርሺኝ።

አንድ ልጅሽ