የማሬ ዋስ

ጥቅምት 8 ቀን 1998

የገበያ ቀን። ጤና ጣቢያው ጢም ብሎ ዋለ። ሳል፣ ተቅማጥ፣ የልጅ ክትባት... ጓንት ከቀትር በፊት አለቀ። ኃላፊው "ቆጥበሽ ተጠቀሚ" ይለኛል። ያለቀውን እንዴት ነው የሚቆጥቡት?

መጨረሻ ላይ ማሬ የምትባል ሴት ገባች። ከዲማ በኩል በእግሯ ነው የመጣችው። ጆሮዋ ሥር ደም ቋጥሯል። ምን ሆነሽ ስላት አላቅማማችም። "እንዳላማው ነው። ባሌ። በዱላ።" ስንቷን አክሜያለሁ፣ እንዲህ የምትናገር ግን አላጋጠመኝም።

ወረቀት ፈለገች። "ለፍርድ ቤት የሚሆን ጻፊልኝ፣ ሲስተር። ልፈታው ነው።" ፖሊስ በደብዳቤ ካልጠየቀን ማስረጃ አንሰጥም። ነገርኋት። "አመጣለሁ" ብላ ሄደች።

ጥቅምት 15

አመጣች! ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ቀን ተመላልሳ።

እኔስ ምን አልኋት? "ትንሽ ቆዪ።" ማስረጃ ጽፌላቸው ፋይላቸው ተኝቶ የቀረ ሴቶች ትዝ አሉኝ። ባል በሳምንቱ ይለቀቃል፣ ከዚያ ይብሳል። እንዳላማው ደግሞ ፖሊስ አይፈራም። የሚፈራው የነፍስ አባቱን ብቻ ነው። ራሷ ናት የነገረችኝ። ታዲያ ቄሱ ቢገዝቱትስ?

ይህንኑ ነገርኋት። "አንቺ ካልሽ ይሁን" አለች። ደብዳቤው እኔ ዘንድ ቀረ። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ጥቅምት 19

መምሬ ዓለምነውን አገኘኋቸው። የማሬም የእንዳላማውም የነፍስ አባት ናቸው።

"አባ፣ ሁለተኛ እጁን እንዳያነሣባት ይገዝቱልኝ።"

"እገዝተዋለሁ ልጄ። ሽማግሌም እናስቀምጣለን።"

ደግ ሰው ናቸው። እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

ጥቅምት 23

ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ተቀመጡ። አምስት ወንድ። ሴት እኔና ማሬ ብቻ።

እንዳላማው መሬት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። እንዳይመታት ተገዘተ። ልቤ ቅቤ ጠጣ... ከዚያ መምሬ ወደ ማሬ ዞሩ። "አንቺም ቤትሽን ጥለሽ እንዳትወጪ፣ ባልሽን እንዳትከሺ ገዝቼሻለሁ።"

እኔ ይህን አልጠየቅሁም! "አባ፣ እሷ ምን አጠፋች?" አልሁ።

"አንድ እጅ አያጨበጭብም፣ ልጄ።"

ዋስ ጥሩ ተባሉ። እሱ ወንድሙን ጠራ። እሷ ማንን ትጥራ? አባቷ ሞተዋል፣ ወንድሞቿ መተከል ናቸው። "ሲስተር አለች አይደል" አለ አንዱ ሽማግሌ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማሬ አንገቷን እንደ ደፋች ነበረች። ግዝቷን እንድትጠብቅ ዋስ ሁኚ ነው የሚሉኝ... እምቢ ብል ዕርቁን አፈረሰች እባላለሁ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

እሺ አልሁ።

ኅዳር 2

ምንም ወሬ የለም። ዝም ሲል ደህና ነው? ወይስ?

ኅዳር 20

መትቷታል። የነገሩኝ መምሬ ራሳቸው ናቸው፣ መንገድ ላይ።

"ተጸጽቷል። ንስሐ ሰጥቼዋለሁ፣ ስግደት። ግዝቱ ተፈቶለታል።"

"የእሷም ይፈታላት እንግዲያ።"

"እሷ መቼ አፈረሰችና ይፈታል?"

ሰውየው አይዋሹም፣ ክፉም አይደሉም፣ እንደ ሥርዓታቸው ነው የሠሩት። ገመዱን ያቀበልኋቸው እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ማልቀሴ ለማሬ ምን ይረባታል?

ታኅሣሥ 4

ማሬ መጣች። ግራ ክንዷ ተሰብሯል። እንዳላማው በር ላይ ቆሟል፣ እሱ ነው ያመጣት። ውጭ ጠብቅ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

"ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ። አልለይሽም" አልኋት።

"ወድቄ ነው።"

"ማሬ... እኔ እኮ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ። ዋሴ ነሽ።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። "ወደቀች ብለሽ ጻፊ፣ ሲስተር። ይመሽብናል።"

ክንዷን በእንጨት ደግፌ በፋሻ አሰርሁላት። ሲያማት እንኳ አልጮኸችም። ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ሪፈር ጻፍሁላት። የጉዳቱ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። እሷ የምታየው እስክሪብቶዬን ነበር።

"መውደቅ" ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁበት፣ ማኅተም መታሁበት፣ ሰጠኋት።