ዲዋሊ በፋና ቤት

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ዛሬ ሦስት መቶ ሃያ ናፕኪን አጠፍኩ። ቅዳሜ ሆቴሉ ሠርግ አለበት። ሙሽራዋ የወፍ ቅርጽ ይሁንልኝ ብላለች አሉ… ከሁለት መቶኛው በኋላ ወፎቹ ሁሉ ዶሮ መሰሉኝ። ሆቴሉ ካለበት ከሳንታ ሞኒካ ሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ለመድረስ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሽሮ ገዝቼ ገባሁ። እግሬን ውኃ ውስጥ እንደከተትኩ ፋና ደወለች። "እማዬዬ" ስትል ገና የምትፈልገው ነገር እንዳለ ገባኝ። ትንሽ ልጅ ሆናም እንዲሁ ነበረች።

"ዘንድሮ ዲዋሊን እኛ ቤት እናከብራለን። የአሚት እናት ደረጃ ላይ ወድቃ እጇን ተሰብራለች፣ ጀሶ ውስጥ ነው። ቤቱን የሚያስጌጥ ሰው ጠፋ። አንቺ ደግሞ አበባ ትችያለሽ…"

አሚት ባሏ ነው፤ ዲዋሊ ደግሞ የእነሱ የመብራት በዓል። "ሥራ አለብኝ" አልኳት።

"ሰኞ ኦፍ ነሽ እኮ!"

የእኔን ፕሮግራም ከእኔ በላይ ታውቃለች። "እስኪ እናያለን" ብዬ ዘጋሁ። እናያለን ማለት አልመጣም ማለት እንደሆነም ታውቃለች።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ለራሴ ደብተር ልዋሽ? ሥራው አይደለም። ፈርቼ ነው።

አሚት ላይ ምንም የለኝም። ጨዋ ልጅ ነው። ባሌ ዳኜ ልቡን ሲያመው ሆስፒታል ያመላለሰው እሱ ነው። ባሌን ተንከባክቦልኛል፣ ልጄን ይወዳታል… ግን ሂንዱ ነው። ቤታቸው ውስጥ ያ ሁሉ ምስል አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ማርያምን ስማጸን የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሌላም አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የሠርጋቸው ዕለት፣ እናቱ የምግብ ሳህን በገዛ እጇ ይዛ መጣችልኝ። "ጾም ነኝ" አልኳት። ምን ጾም! ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር፣ ረቡዕ እንኳን በማይጾምበት ጊዜ። ለጣዖት የቀረበ ቢሆንስ ብዬ ነው። ሳህኑን ይዛ ተመለሰች። ጀርባዋ ዛሬም ይታየኛል።

ዓምና ባሏ ሞተ። ለቅሶ ሄጄ ሩብ ሰዓት ተቀምጬ ወጣሁ። ፋና እንደነገረችኝ ሀዘን ላይ ስለነበሩ ዓምና አንድ መብራት አላበሩም። ሴትዮዋ ቤቷን ሸጣ እነፋና ጋ ገብታለች። ዘንድሮ ከሀዘን የምትወጣበት በዓል ነው። እሱን በተሰበረ እጅ…

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለጓደኛዬ ለዕንቁ ነገርኳት። "እንዳትሄጂ! ዛሬ አበባ ስሪ ይሉሻል፣ ነገ ስገጂ ይሉሻል" አለችኝ። ወደ ውስጥ ተመልሼ አባን ፈልጌ ያዝኳቸው።

"አባ፣ ልጄ ቤት የሂንዱ በዓል አለ። አማቷ እጇ ተሰብሮ ቤቱን የሚያስጌጥ የለም። ነይ ትለኛለች። ኃጢአት ይሆንብኛል?"

"ስገጂ አሉሽ?"

"ኧረ አላሉኝም።"

"ሃይማኖትሽን ተዪ አሉሽ?"

"አላሉኝም፣ አባ።"

"አንቺ የምትሰግጂለትን ታውቂያለሽ፣ ልጄ። እጇ የተሰበረባትን ሴት ማገዝ ግን ከመቼ ወዲህ ነው ምክር የሚጠየቅበት?"

መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ለፋና ቴክስት አደረግሁ፦ "አበባው ስንት ነው?" መልስ አልጻፈችም። አሥራ ሁለት ልብ ላከችልኝ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ከሥራ በቀጥታ ባልድዊን ሂልስ፣ እነፋና ቤት። ሳሎኑ መሃል አምስት ካርቶን አበባ… ሜሪጎልድ የሚሉት፣ ቢጫና ብርቱካናማ። ፋና በልብስ ክር ልትሰካው ስትታገል ደረስኩ። ክሩ በየደቂቃው ይበጠሳል፣ እሷ ትራገማለች።

"የጥርስ ክር አምጪ" አልኳት።

"የምን?"

"ጥርስሽን የምትጎረጉሪበትን! ሆቴል የምንሠራው በእሱ ነው። አይበጠስም።"

የአሚት እናት ሶፋው ላይ ነበረች፣ ቀኝ እጇ ትራስ ላይ። እጅ እጄን ታያለች። አሥር አበባ ሰካሁ… ሃያ… ሠላሳ ስደርስ ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። በግራ እጇ አበባ እየመረጠች ታቀብለኝ ጀመር። ትልቁን፣ ከዚያ ትንሹን፣ ከዚያ ትልቁን። ስሳሳት እጄን ቸብ ታደርጋለች።

የእኔም እንግሊዝኛ የእሷም አንካሳ ነው፤ ግን ተደጋግፈው ይሄዳሉ። መብራት የሚሰቅለው ባሏ እንደነበር ነገረችኝ። አርባ ሁለት ዓመት፣ በየዓመቱ እያጉረመረመ። ዘንድሮ አሚት ሰቅሎታል፤ ተንጋዷል። "አይቃና" አለችው። "አባትህም እንደዚህ ነበር የሚሰቅለው።"

ስወጣ በር ድረስ ሸኘችኝ። "ደህና ሁኚ፣ እታገኘሁ ቤን።"

ፋናን ቤን ምንድነው ብዬ ጠየቅኋት። በእነሱ ቋንቋ፣ በጉጃራቲ፣ እህት ማለት ነው። ማታ ዳኜ መጥቶ በመኪና ወደ ቤት ወሰደኝ።

ሻርዳ ነው ስሟ። እስከ ዛሬ ጠርቻት አላውቅም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ነገ በራፉ ላይ ራንጎሊ የሚሠራው እኔ ነኝ። በቀለም ዱቄት መሬት ላይ የሚሣል ሥዕል ነው፣ እንግዳ መቀበያ። ፋና ሞክራ የተረገጠ እንቁላል ሆነባት። ሻርዳ ወረቀት ላይ በግራ እጇ ነጥብ ነጥብ ታደርጋለች፣ እኔ አገናኛለሁ። ፒኮክ ነው የፈለገችው፣ ጭራው የሚዘረጋውን ወፍ። ስድስት ወረቀት አበላሽቼ ሰባተኛው ላይ ወፏ ወጣች። ሻርዳ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው… የሕፃን ሥዕል ይመስል። ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የትናንቱን አንድም ሳላስቀር ልጻፍ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀመርኩ። ጋራዡ ፊት፣ ከዋናው በር ሥር። ዱቄቱን በጣትና በጣት መሃል ቀስ እያሉ ማፍሰስ ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ ተንበርክኬ! ሻርዳ ወንበር ላይ ሆና "ሰማያዊ… አይ፣ አይ… አረንጓዴ" ትላለች። ፒኮኩ አንገቱን ቀና አድርጎ ወጣ። ጎረቤቶች ቆመው ፎቶ አነሡ። ወገቤን ይዤ ሻይ ልጠጣ ገባሁ።

ዳኜ ወንበር ጭኖ መጣ። ፒኮኩ ላይ ፓርክ አደረገ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፓርኪንግ የሠራ ሰው! ኩራት በኩራት ሆኖ ወረደ። "አያችሁ? ወንበሩ እንዳይከብዳችሁ በሩ ድረስ አስጠጋሁላችሁ።"

አሚት ጭንቅላቱን ያዘ። ዳኜ ጎንበስ ብሎ ጎማው ሥር አየ፣ ፊቱ አመድ ሆነ። "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለ ተመልሶ ገባና መኪናውን ወደ ኋላ አደረገ። የተረፈችውን አንገት በዚያ ጨረሳት።

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ዞር ስል ሻርዳ በሩን ተደግፋ ትስቃለች! እንባዋ እየወረደ፣ ጀሶዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። "ማሂሽም!" አለች፤ ባሏን ነው። "በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት፣ በብስክሌት! መሃል ለመሃል!" እኔም አላስቻለኝም። ዳኜ ብቻ ቆሞ ማንን ማየት እንዳለበት ጠፍቶታል።

አሚት ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ "አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም" አለኝ።

ግን ዱቄቱ አልቋል። እንግዳ ሊመጣ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል። ሻርዳ "በቃ፣ ይቅር" ስትል አንጀቴ እንቢ አለ። አንድ ካርቶን ተኩል አበባ ተርፎናል አይደል? "በአበባ እንሠራዋለን" አልኩ። ዳኜን ፌርፋክስ እርድ ግዛ ብለን ላክነው። ሁለት ኪሎ እርድ ይዞ መጣ፣ ላዩ ላይ አንድ ኪሎ በርበሬ። "ቀይም ያስፈልጋል ብዬ ነው።"

"ነፋስ ቢነሣስ? ሰፈሩን ሁሉ ልታስነጥስልን ነው?" አልኩት። በርበሬውን ለሻርዳ ለኩሽናዋ ሰጠናት።

አምስታችንም ተንበረከክን፣ ሻርዳም ጭምር። አበባውን እየበጠስን፣ ቢጫ ዙር፣ ብርቱካን ዙር፣ የእርድ ዙር… ወፍ አይደለም፣ ትልቅ ክብ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አለቀ። ዳኜ ጠርዙን በጣቱ እያስተካከለ ዙሩን ሁሉ ዞረው። ፋና ዙሪያውን ትናንሽ የሸክላ ኩራዞች ደረደረች፣ አርባ ይሆናሉ። አሚትና እናቱ አንድ በአንድ ለኮሱ።

እንግዶቹ ገቡ፣ ከዚያ ጸሎታቸው ደረሰ። ኩሽና ገባሁ፤ ማንም የት ነሽ አላለኝም። ደወሉ ሲሰማ እኔም በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።

ሲጨርሱ ሻርዳ ትንሽ ሳህን ይዛ ገባች። ነጫጭ ክብ ጣፋጭ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አለች። "ለጸሎቱ አላቀረብኩትም። አስቀድሜ ለይቼ አስቀመጥኩልሽ። ፋና እናቴ የአበባ ጾም ላይ ናት አለችኝ፤ ቅቤም ወተትም የለውም፣ ኮኮናትና ስኳር ብቻ።"

ሳህኑን አየሁት። ማለት… ታውቅ ነበር? ያኔ ለምን እንዳልበላሁ?

"የሠርጉ ቀን ጾም አልነበርኩም" አልኩ። ከአፌ ወጣ።

"አውቃለሁ። ጉግል አድርጌው ነበር።"

"ተቆጥተሽ ነበር?"

"በጣም።" ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። "ብዪ።"

ሦስት በላሁ። አራተኛውን እሷ በግራ እጇ አጎረሰችኝ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሐሙስ ጀሶው ወጣላት። ትናንት እሷ ራሷ ደወለችልኝ፣ ያለ ፋና፣ ያለ አስተርጓሚ። ቤት መዋል ሰልችቷታል። ባሕሩን ካየች ቆይታለች። "ነገ ስምንት ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ፣ ሳንታ ሞኒካ ድረስ በባቡር ነይ" አልኳት። ብቻዋን በባቡር ሄዳ አታውቅም።

ከሥራ ወጥቼ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። አንድ ባቡር መጣ፣ የለችበትም… ምን አደረግሁ አልኩ። ከሁለተኛው ወረደች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፈተና ያለፈች ተማሪ መስላ።

ጫማችንን አውልቀን ውኃው ዳር ሄድን። እጇ ሰልሏል፣ ቆዳው ነጣ ብሏል። የጨው ውኃ ጥሩ ነው ብዬ አሸሁላት። ከዚያ ድንች ጥብስ ገዝተን አሸዋው ላይ ተቀመጥን። ስለ ባሎቻችን አወራን፤ ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም።

ፋና አራት ጊዜ ደውላ ኖሯል። በአምስተኛው አነሣሁ።

"እማዬ የት ነሽ? የአሚት እናት ቤት የለችም! ስልኳንም አታነሣም! ፖሊስ ልንጠራ ነው!"

"እኔ ጋ ናት።"

"አንቺ ጋ? ምን እያደረጋችሁ?"

"ወሬ ይዘናል። ማታ ደውዪ" ብዬ ዘጋሁ።

ሻርዳ ማን ነው አለችኝ። ልጆቹ ናቸው አልኳት። እሷም ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ አጠፋችው፣ ድንቹንም ወደ እኔ ገፋ አደረገች። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ኦፍ ጠይቄያለሁ።