ገንፎው እስኪደርስ እንድበላ ይፈቀድልኝ

ለተከበሩ ወይዘሮ ዘቢደር
የሕንፃችን የሴቶች እድር ሊቀመንበር
የካ አባዶ

እትዬ ዘቢደር፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ያንን የሚያዞርዎትንም ነገር እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ጉሮሮ የሚጠብቁ እናት ጤና ካጡ እኛ ምን ይውጠናል? እኔ የአራተኛ ፎቋ ጎረቤትዎ የማርያምወርቅ፣ ስምንተኛ ወሬን ይዤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ይህን ደብዳቤ ደረጃው ሥር፣ የውኃ ፈረቃ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለድፍረት አይደለም፤ ፊትዎ ስቆም አፌ ስለሚተሳሰር ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ለሰው ሆድ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዳርቱ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች፤ ደሜን አስመርምራም በጣም ማነሱን ነገረችኝ። እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ፣ ካገኘሁም ሥጋ እንድበላ፣ ከወትሮው አንድ ማዕድ እንድጨምር፣ የደም ኪኒኑንም እንዳላቋርጥ አዘዘችኝ። ጥፋቴ ይህን ለእርስዎ መንገሬ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሳህን የእድሩ ጉዳይ ሆኗል፤ ቅሬታዬንም በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ እንቁላሉ። ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቴ መምሬ ልደቱ፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደሟም አንሷል፣ ትብላ ብለው ፈቅደውልኛል። ሽታው ግን ደረጃውን ወርዶ ቤትዎ ድረስ ስለተሳለመዎት፣ መምሬ ገና ልጅ ቄስ መሆናቸውን፣ እርስዎም ጎመን በጨው እየበሉ ሰባት መውለድዎን ለፎቁ ሁሉ አስረድተዋል። ከሰባቱ ሦስቱን እንደቀበሩ እንባዎን እየጠረጉ የነገሩኝም እርስዎ ነዎትና፣ እሱን አስቤ ድስቴን ይዤ ገባሁ። አሁን እንቁላሌን የምቀቅለው መስኮት ዘግቼ ነው፤ የምበላውም እንደ ሌባ ቆሜ።

ሁለተኛ፤ ሙዝና ወተት በልጁ ገላ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል ብለውኛል። ሲስተር ዳርቱ ያ ነጭ ነገር ሙዝ በዓይኗ አይታ የማታውቅ እናት ልጅ ላይም አለ ትላለች፤ ምን ይደረግ፣ እሷ የተማረችው ከኮሌጅ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ከእናትዎ። ባለቤቴ ቢንያም ከመገናኛ ሲመለስ በሚነዳው ታክሲ ወንበር ሥር ደብቆ ሙዝ ያመጣልኛል፤ ልጣጩን የሚጥለው ሌላ ሰፈር ወስዶ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ኪኒኑ። ልጅ ያወፍራል፣ የወፈረ ልጅ በምጥ አይወጣም፣ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው ብለው ከነማሸጊያው ወሰዱልኝ፤ እኔም ፈርቼ ሰጠሁ። አሁን እንደሰማሁት ለማዞርዎ ተስማምቶዎት ጠዋት ጠዋት እርስዎ እየዋጡት ነው። እሰይ! ደግሞም ልክ ነዎት፣ እርስዎ ስለማይወልዱ የሚወፍርብዎት ልጅ የለም። ብቻ ፊትዎ ሲፈካና ሰው ሁሉ አማረብዎት ሲልዎ፣ ደሙ የማን እንደነበር አንዳንዴ ያስታውሱልኝ።

አራተኛ፤ እንጦጦ። ምጡ እንዲቀልልኝ በራጉኤል ዕለት ከእድሩ ሴቶች ጋር ለጸሎት ይዘውኝ ወጡ፤ ስለ አሳቢነትዎ እጅ እነሳለሁ፣ ከታቦቱም ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን ጠበል ሳይቀመስ እህል አይቀመስም ተብሎ ያንን ዳገት ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ በባዶ ሆዴ በእግሬ አስወጡኝ። ባሕር ዛፉ መካከል ስደርስ ዓለም ጨለመብኝና ወደቅሁ። እናንተም ተሯሯጣችሁ፣ ክብሪት ጭራችሁ አሸተታችሁኝ፣ ቡዳ በልቷታል ብላችሁ በመንገዱ ያለፈውን ሰው ዓይን ሁሉ መጠርጠር ጀመራችሁ። እትዬ፣ ማንም አልበላኝም። እኔ ነኝ ምንም ያልበላሁት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ልጽፈው አቃተኝ። ያን ዕለት ልጄ እስኪመሽ አልተንቀሳቀሰም። በጎኔ እየተኛሁ፣ ሆዴን እየዳበስኩ፣ ስም ያላወጣሁለትን ልጅ እባክህ እያልኩ ስለምን ዋልኩ። ሲመሽ አንዴ ረገጥ ሲያደርገኝ ጮኼ አለቀስኩ፤ ቢንያም ምጥ መጣ ብሎ በባዶ እግሩ ወደ መኪናው ሮጠ። እፈራለሁ፣ እትዬ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ጉሮሮዬ ላይ ሲመታ እፈራለሁ፤ መዳፌን ሳየውና ነጭ ሲሆንብኝ እፈራለሁ። ሒሩት ፊቴ ላይ ትመጣለች። ሁለተኛ ፎቅ የነበረችው ሒሩት ምክራችሁን አንዷን እንኳ ሳታጎድል የጠበቀች፣ ልጇ ትንሽ ሆኖ እንዲወጣላት እፍኝ እህል እየበላች የከረመች ልጅ ነበረች። ልጁ ትንሽ ሆኖ ወጣላት። እሷ ግን ደም ሲፈሳት የሚተርፋት ደም አልነበራትም። እናንተ ገደላችኋት አልልም፤ ጠግባ የከረመችም ሴት ደም ይፈሳታል። ሲስተር ዳርቱ ግን ደም ያላት ትቋቋመዋለች ብላኛለች፤ እኔም ሌሊቱን የምገፋው ይህችን ቃል ይዤ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ገንፎው። ስወልድ የሚሆነኝ የገብስ ዱቄት ተፈጭቶ፣ ቅቤውም ተነጥሮ እርስዎ ቤት መቀመጡን ሰምቻለሁ። ለአራስ እጃችሁ መቼም ሰፊ ነው፤ አጥሚቱም፣ ዶሮውም፣ የበጉ ቅልጥምም እንደማይቀርብኝ አውቃለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሴት ልጅ ለመብላት መጀመሪያ ወልዳ መትረፍ ያለባት ለምንድን ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ብዬ ነው። ስለዚህ የተረፈ ካለ ኪኒኔን ይመልሱልኝ፤ በሚመጣው የእድር ስብሰባም የማርያምወርቅ ትብላ ብለው አንዲት ቃል ይናገሩልኝ። እርስዎ ካሉ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ይህንን እኔም እርስዎም እናውቃለን።

ጉልበትዎን ስሜ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው እያልኩ፣
ምክርዎ ከአንገቷ በላይ የሞላላት፣ ከአንገቷ በታች ግን የራባት ታናሽዎ፣
የማርያምወርቅ

ማሳሰቢያ፦ ለሒሩት የተቀቀለው ንፍሮ ለለቀስተኛው ሁሉ በቅቶ መትረፉን ሰው እስከ ዛሬ ያነሳዋል፤ እድራችን በዚህ አይታማም። የእኔን ድርሻ ግን፣ ስንዴውንም ሽንብራውንም፣ ከወዲሁ እንድታስቀቅሉልኝ እለምናለሁ። የጾም ነው፣ ሽታውም ደረጃ አይወርድም፤ ቀኑ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሚበላው ሌላ ሰው ነው።