ከቦራ የወረድሽበት ቀን

...ከዚያ የባቡር ጣቢያው ይመጣል፤ ከጣቢያው ቀጥሎ ትልቁ ግራር፣ ከግራሩ ቀጥሎ ሸራው፣ እንደገና ጣቢያው። አንቺ ቦራ ላይ ተቀምጠሽ የምታዪውን ሁሉ እኔም አየው ነበር። አንቺ ከውጭ በእንጨት ፈረስ፣ እኔ ከውስጥ የመዞሪያውን አግዳሚ በደረቴ እየገፋሁ፣ አብረን ነበር የምንዞረው። ቀና ባልኩ ቁጥር እዚያው ነበርሽ፤ ቀኝ ትከሻዬ አጠገብ። ያን ቀን ግን ወዳንቺ ቀና አላልኩም።

አስካለ፣ ሰላምታ ሳላቀርብልሽ መሐል ገባሁ። ይኸው አሁን፤ እንደምን ከርመሽ ይሆን፣ አስኩዬ? ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ልጽፍልሽ እያልኩ ብዕሩን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እንጨት ስጠርብ ከመዋል ይልቅ ይህ ያደክመኛል። ዛሬ ግን ቦራ ነገ ከመሄዱ በፊት የምነግርሽ አለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። በጣቢያው በኩል ያለው ግድግዳ ተሰንጥቋል። ጭቃ እለጥፍበታለሁ፤ ሐሩሩ መልሶ ይሰነጥቀዋል። ዶሮዎችሽን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ሲመሻሽ ግን ተመልሰው የሚሰፍሩት እኛ ደጅ ነው። አንድ በአንድ እየያዝኩ እመልሳቸዋለሁ። ባቡሩ ሲያልፍ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆሽ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። ላነሣው አስቤ ተውኩት።

የሙሴ ኮስቲ ሜዳ ተዘግቷል። ያ ግሪክ በባቡር ጭኖ ያመጣቸው ስድስት የእንጨት ፈረሶች፣ የጀልባ ቅርጽ ያለው ዥዋዥዌና እጀታው ሲጠመዘዝ የሚዘፍነው ሣጥን አዳማን እንዴት እንዳስፈነደቋት ለአንቺ አይነገርም። ፈረሶቹ ሲመጡ ስድስቱም አንድ ዓይነት ቀለም ነበራቸው፤ የኛ ሰው ግን ያለ ስም አይቀመጥባቸውምና ዳማ፣ ጉራቻ፣ ዳለቻ እያለ አወጣላቸው። ያንቺው ግንባሩ ላይ ቀለሙ ተልጦ ነጭ ስለሆነ ቦራ ተባለ። ሙሴ ኮስቲ ሣጥኑንና መስተዋቶቹን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ሄደ። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ለውኃ ጉድጓድ ተወሰደ። ጀልባዋ ተገልብጣ ፍየሎች ከሥሯ ይጠለላሉ። ከፈረሶቹ አራቱ ማገዶ ሆኑ፤ የአምስተኛው ጭንቅላት ጠጅ ቤት ተሰቅሎ ባርኔጣ ይንጠለጠልበታል። ቦራ ብቻ በቆርቆሮው ዕቃ ቤት ውስጥ ቀረ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ቦታውን አንድ የቆዳ ነጋዴ ይዞታል፤ ከሰኞ ጀምሮ ቆዳ ይከመርበታል።

ሰዉ ከፈረሱ ሲወርድ ትዝ ይልሻል? የመጀመሪያዎቹ እሑዶች። በበቅሎም ሆነ በፈረስ የሚሄድ ሰው ትልቅ ሰው ሲያጋጥመው ወርዶ እጅ ይነሣል፤ ከሕፃንነታችን የለመድነው ነው። ሙሴ ኮስቲ ይህን አላሰበበትም። ሽማግሌዎቹ ለማየት ተደርድረው ሲቆሙ፣ የተቀመጠው ሁሉ እነሱ ፊት ሲደርስ ይወርዳል። መዞሪያው ግን አይቆምም። አንዱ በክርኑ፣ አንዱ በአፍንጫው ይደፋል። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው «ኧረ በማርያም! ኧረ አይውረዱ!» ይላሉ፤ በዚህኛው ዙር የተለመነው በሚቀጥለው ዙር እንደገና ይወርዳል። ሌላኛውን አግዳሚ የሚገፋው ገመቹ ላቡን እየጠረገ፣ «ፈረሱ እንጨት፣ ፈረሰኛው ጨዋ፣ መሬቱ ድንጋይ! እኔስ ምን ልሁን?» ሲል አንቺ በሳቅ ትፈርሽ ነበር።

በመጨረሻ ሙሴ ኮስቲ ሸራ ወጠረና ሽማግሌዎቹን ከጀርባው አስቀመጣቸው። ምንም ሳያዩ፣ ሸራውን ፊት ለፊት እያዩ፣ ሣጥኑ ሲዘፍን ይሰማሉ። እሑድ እሑድ አይቀሩም ነበር። ሲመለሱም «ዛሬስ ደህና ዞረ» ይባባላሉ።

አባትሽ ባላምባራስ ግን ሜዳውን ረግጠውት አያውቁም። አንቺም ቦራ ላይ እንደምትወጪ አልነገርሻቸውም። ያን እሑድ ከሞጆ በመጣው ባቡር ወርደው፣ መንገድ ለማሳጠር በጣቢያው በኩል መጡ። ሸራው ያለው በሌላው በኩል ነው። እኔ ቀድሜሽ አየኋቸው። ነጭ ኩታ፣ ከዘራ። ቆመዋል።

እዚህ ላይ ስደርስ ነው ሁልጊዜ ብዕሩን የማስቀምጠው።

አግዳሚው አመለጠኝ ብዬሽ ነበር። አላመለጠኝም፣ አስኩ። ማቆም እችል ነበር። ተረከዜን መሬት ላይ ብተክልና «ገመቹ፣ ያዝ!» ብል ይቆም ነበር። እኔ ግን ገፋሁ፤ ባለኝ ጉልበት ሁሉ። ሳያዩሽ ላሳልፍሽ፣ ሸራው ጋ ላደርስሽ። አፍሬ ነው። ልጃቸውን እንጨት ላይ አስቀምጦ በሰው ፊት የሚያዞር አማች እንዳልባል። አንቺ ግን አየሻቸው። እንደ ሥርዓቱም ወረድሽ።

ፊታቸውን መልሼ ሳስበው የተቆጡ አይመስለኝም። ፈገግ ሊሉ የጀመሩ ይመስለኛል። ወይም ፀሐዩ ነው። አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ። የተሰበረው ዳሌሽ አልዳነም። በቅሎ ላይ ዳግመኛ እግሬን አላነሣም አልሽ። መስከረም ሲጠባ ወባው በረታ፤ አቅም ያለው ሁሉ ወደ ደጋ ወጣ። አክስትሽ አርሲ ደጋ ላይ መኝታ አሰናድታ ስትጠብቀን እኛ እዚህ ቀረን። በእግርሽ አትችዪም፤ በቅሎው ደጃፍ ላይ ተጭኖ ቆሞ ዋለ፤ አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ወባ ነው የወሰዳት አሉኝ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ወባ ነው እላለሁ።

አባትሽ ግን «የጣልኳት እኔ ነኝ» ይላሉ። ለኔ ነግረውኝ አይደለም፤ አካሄዳቸው ይናገራል። ከቀብርሽ በኋላ በቅሏቸውን ለደብሩ ሰጡ። አሁን የትም በእግራቸው ነው። ያም አልበቃቸውም። በበቅሎ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ሲያዩ ከመንገድ ወጥተው ግራሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ሰውየው ሳይወርድላቸው እስኪያልፍ ድረስ። አንድ ጊዜ ከኋላቸው ሆኜ አየሁ። ባላምባራስ ከእሾህ መሐል ኩታቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ቀርቤ ልናገር ይገባኝ ነበር። ሌላ መንገድ ይዤ ሄድኩ።

ገመቹ አሁን ቡልቡላ ከብት ያረባል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ቦራን ለልጆቹ ጠየቀኝ። ነገ በአህያ ጋሪ ይወስደዋል። «እኛ ጋ የሚገፋው የለም፤ የሚገፋው ከሌለ ማን ይወድቃል?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ቀን ሌላኛው አግዳሚ እሱ እጅ ነበር። እንጨቱ በድንገት ሲፈጥን አልተሰማውም ይሆን? ከሳቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ወይም እኔ ነኝ ያየሁት።

አልረሳሽም አልልሽም፤ የቀረ ሰው ሁሉ እንዲያ ይላል። አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ። ካሁን ወዲያ ያን ቀን ሳስታውስ እንደሆነው አስታውሰዋለሁ፤ እጄ አግዳሚው ላይ እንዳለ።

ጽሑፉን አቋርጬ ነበር። አባትሽ መጥተው ነው።

ይህን የምጽፈው ዕቃ ቤቱ ደጅ ላይ፣ የተገለበጠችው ጀልባ ላይ ተቀምጬ ነው። በጣቢያው በኩል መጡ፤ እንደዚያን ቀን። አቧራው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ብድግ አልኩ። ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ሊወስዱት ነው አሉ። ሳይሄድ ልየው ብዬ ነው» አሉኝ። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። እጄ ላይ ቆየ።

«ባላምባራስ፣ የጣሏት እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። ሳይዎት እንዳያዩዋት ብዬ ገፋሁ።»

ፍየሎቹ ከጀልባዋ ሥር ወጥተው ሄዱ።

«አውቀህ?»

«አውቄ።»

እጄን አዩ። ፊቴን አይደለም፣ እጄን። ቁልፉን ከመዳፌ ላይ ራሳቸው አነሡት። ከዘራቸውን ጀልባዋ ላይ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት አጠገብ፣ አስደገፉ። ቁልፉ አስቸገራቸው፤ ልረዳቸው ስጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። በሩ ሲከፈት የቦራ ነጭ ግንባር ከጨለማው ውስጥ ታየኝ። ባላምባራስ ከደጃፉ ላይ ጥቂት ቆሙ፤ ቦራ ላይ እንዳለሽ ሁሉ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ ገቡ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት።