ስለ ሰባቱ እንግዶችዎና ለሙታን ስለተቀመጠው ሳህን

ለክቡር አቶ ኦስበርት ኩዋሺ
የደሴታችን የእንግዶች መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ወደብ፣ አየር ማቀዝቀዣው በማይጠፋበት ክፍል

ጉዳዩ፦ እህቴ ሰለስቲን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እንድታደርግ የተጠየቀችውን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንደምን ሰነበተ? ወንበርዎስ? ባለፈው ሳምንት በደረሰን ደብዳቤ ላይ ፊርማዎ ቀጥ ብሎ ስላየነው ጤናዎ የተሟላ መሆኑን ተረድተን ተመስገን ብለናል። በላ ሴሽ መንደር ያለነውም ደህና ነን። ዝናቡ ዘግይቷል፣ ፍየሎቹ ከስተዋል፣ መርከቡም ደስ ባለው ቀን ይመጣል፤ ሆኖም ጽሕፈት ቤትዎ ባሳተመው የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ሁላችንም ጥርሳችንን ገልጠን ስለወጣን ደህና መሆናችንን ያወቅነው ከዚያው ነው።

እኔ ኢስሜይ ቤዶ ነኝ። እርስዎ ያውቁኛል፤ ይህ ደብዳቤ ግን በሱቁ በር፣ በክሊኒኩና በወደቡ ላይ ስለሚለጠፍ ለሌላው አንባቢ ስል፣ በመንደሩ ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ፣ ክቡርነትዎንም ከሦስተኛ ክፍል ወደ አራተኛ ያሳለፍኩ፣ በዚህም እስከ ዛሬ የምጸጸት መምህርት መሆኔን እገልጻለሁ።

ደብዳቤዎ እንደሚያትተው «የካሪቢያን እውነተኛ ኑሮ፣ ለጥቂቶች ብቻ» የተባለው ጉብኝት የመጀመሪያ ቡድኑን ወደ መንደራችን አምጥቶ በሰላም መልሷል፤ እንግዶቹ በሞሉት ቅጽ ላይ ከባሕሩም ከዓሣውም አስበልጠው የወደዱት «በውስጠኛው በር ላይ የነበሩት አሮጊት ያደረጉትን ልብ የሚነካ አቀባበል» ነው፤ ስለዚህ እኚሁ አሮጊት በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ያንኑ አቀባበል፣ በዚያው ቃል፣ ከተቻለም በዚያው እንባ እንዲደግሙት ጽሕፈት ቤቱ በትሕትና ይጠይቃል። አሮጊቷ ታላቅ እህቴ ሰለስቲን ናት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። የተቀበለችው ማንን እንደሆነ ከተነገራት ወዲህ ምግብ በአፏ አልዞረም፤ ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ከውሃና ከጥቂት አጥሚት በቀር። ለትሕትናው ግን እናመሰግናለን።

ያ ቀን የእናታችን የፊሎሚን የድንጋይ ቀን ነበር። የድንጋይ ቀን ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው፤ ነገር ግን አስጎብኚዎ አቶ ደንዚል ከትልቁ ደሴት የመጡ ስለሆኑና ለእንግዶቹ «የምግብ ፌስቲቫል ነው» ስላሉ ላስታውስ። ድንጋይ ያልቆመለት ሟች በሰው ደጅ ቆሞ የቀረ እንግዳ ነው። ልጆቹ ሲደላቸው ድንጋዩን ያስቀርጹለታል፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በገዛ አልጋው ያሳድሩታል፣ በማግስቱ አጥበው ወደ መቃብሩ ይሸኙታል። መንደሩ ከመብላቱ በፊት ጨው ያልነካው ምግብ በውስጠኛው ክፍል ለሙታን ይቀመጣል፤ እስኪነጋ ድረስ ሕያው ሰው እዚያ ክፍል አይገባም። በዚያን ቀን ወደ ቤቱ የገባውን ሰው ደግሞ ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ የመጣው ማን እንደሆነ አይታወቅምና።

ከዚህ ቀጥሎ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ይወዳል።

1ኛ. እንግዶቹ ሰባት ብቻ በመሆናቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንበጣም ቢሆን ሲያንስ ደስ ይላል። ሰባቱም አንድ ዓይነት ነጭ ባርኔጣ ደፍተው፣ አቶ ደንዚል ከፊት ጃንጥላ አንግበው በመቃብሩ መካከል አለፉ፤ በመቃብሮቻችን ዙሪያ የደረደርናቸውን የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች አቶ ደንዚል «ሻርክ እንዳይመጣ ነው» ብለው ሲያስረዱም በጆሮዬ ሰማሁ። መቃብሩ ያለው ኮረብታ ላይ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ሻርክ ወጥቶ ስለማያውቅ ማብራሪያቸው ትክክል ሳይሆን አይቀርም።

2ኛ. ቀጥሎ የገቡት ወደ ድንጋይ ጠራቢው ወደ ላምበርት ግቢ ነው። እዚያ ባለቤቱ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ሊወስደው ያልመጣ አንድ የመቃብር ድንጋይ አለ፤ ዶሮዎች ሲሰፍሩበት አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ላምበርት ደግ ሰው ነውና ያስቀረጸው ልጅ በመንገደኛ ፊት እንዳያፍር የተጻፈበትን ፊት ወደ ግድግዳ አዙሮታል። ከእንግዶችዎ አንዱ እግሩን ድንጋዩ ላይ ጭኖ የጫማውን ክር አሰረ። አቶ ደንዚልም «ይሄ የተበላሸ ናሙና ነው፣ ቁጭ በሉበት፣ ችግር የለውም» አሉ። ላምበርት መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ጓሮ ሄደ። ድንጋዩ የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

3ኛ. ከዚያ ወደ ቤታችን መጡ። አንድ ቀይ አንገት ያላቸው ጎልማሳ በእናቴ አልጋ ላይ፣ ከተጠቀለለው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠው «ታማ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ድንጋይ መሆኑ ሲነገራቸው ሳቁና አቅፈውት ፎቶ ተነሡ። ከሁለቱ ይበልጥ ጨዋ የነበረው ድንጋዩ ነው።

4ኛ. አሁን ወደ ሰለስቲን እመጣለሁ። እህቴ ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል፤ ነጩን ከጥቁር ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። በውስጠኛው ክፍል ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣ ነበር፣ በድንጋይ ቀን ሁሉ የእሷ ቦታ ያ ነው። አቶ ደንዚል ከኋላዋ ያለውን በር እያሳዩ «ግቡ፣ ግቡ፣ ይሄ ለእናንተ የተዘጋጀ ነው» ሲሉ፣ ነጭ ቀሚስና ነጭ ባርኔጣ የለበሱ አንዲት ሴት ምንም ሳይናገሩ አልፈዋት ገቡ። ሰለስቲን ያየችው ሕያው በማይገባበት ክፍል የገባ ነጭ ነገር ነው። ሕያው ካልሆነ ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ደጋፊ ተነሥታ የማታውቀው እህቴ ከበርጩማዋ ብድግ አለች፤ እንባዋ እየወረደ እጃቸውን ጨብጣ ተቀበለቻቸው። ምን እንዳለቻቸውና ሴትዮዋ ምን እንደመለሱላት የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ስላልሆነ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ነበር፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ። ሴትዮዋ ውፍረት ይጠነቀቃሉ መሰለኝ ትንሹን መረጡ። የፍየሉን ሥጋ በልተው የበቆሎውን ገንፎ ተዉት፤ በቅጹም ላይ «ጨው ያንሰዋል» ብለው ጻፉ። አዎ ያንሰዋል፤ ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ካልሆነ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባላል፣ እኔም ይህን ተረት ከገንፎው ይልቅ ለሚመለከተው ሹም አስቀምጬዋለሁ። እኔ በዚያ ሰዓት ከምድጃው ተነሥቼ እስከ ደጃፉ ስደርስ ሴትዮዋ ጣታቸውን እየላሱ ነበር። ማን ነሽ ማለት አልቻልኩም። ወጉ አፌን ያዘው። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፣ ንዴቴም ከእርስዎ ቀጥሎ በራሴ ላይ ነው።

5ኛ. ሰለስቲን ሦስት ቀን እንደ ሙሽራ ሰነበተች። ለመጣ ለሄደው ያየችውን ነገረች፣ ዘፈነች፣ ሁለት ጊዜ ጨምሪልኝ ብላ በላች። እኛም እውነቱን ያወቅን ሁሉ እርስ በርሳችን ሳንማከር ዝም አልን፤ ላምበርት እንኳ፣ ውሸት የማይሆንለት ሰው፣ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጣት። በአራተኛው ቀን አቶ ደንዚል በሩ ላይ የሚሰቀል የጽሕፈት ቤትዎን ሰሌዳ ሊለኩ መጥተው የምታወራውን ሰሙና እየሳቁ «ሙታን መስሎዎት ነው እንዴ እማማ? የጥርስ ሐኪም እኮ ናት» አሏት። እህቴ «እስቲ ድገመው» አለቻቸው። ደገሙላት። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ቅሬታ ባቀርብ ጊዜ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ «ያስገቧቸው እኚሁ አሮጊት ናቸው» ሲል መለሰልኝ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፣ በማኅተምም ተደግፎ ሲመጣ ያምራል።

6ኛ. ከደብዳቤው ጋር አባሪ ሆኖ ለመጣው «የባህል አምባሳደር» የምስክር ወረቀትም ውለታዎን ምን ብዬ እንደምከፍል አላውቅም። የተለጠፈው ፎቶ የሌላ አሮጊት ነው። ለጽሕፈት ቤትዎ አሮጊት ሁሉ አንድ መሆኗን ከዚህ በተሻለ ማስረዳት አይቻልም ነበር።

እንግዲህ የጥያቄዎ መልስ ይህ ነው፦ ሙታን ሐሙስን ከረቡዕ ስለማይለዩና በቀጠሮ የሚመጣ እንባም በመንደራችን ስለማይበቅል፣ እህቴ የተጠየቀችውን ማድረግ አትችልም። እንባው ለመርሐ ግብሩ የግድ ካስፈለገ፣ አቶ ደንዚል የወደቡን ሽንኩርት ሻጭ እንዲያነጋግሩ እመክራለሁ።

ለደሴቲቱ ስም መግነን ሌት ተቀን የሚደክሙትን፣ የራሳችንን ቤት በአስጎብኚ እንድናየው ያበቁንን፣ ከላ ሴሽ ወጥተው እጅግ ከፍ ከማለትዎ የተነሣ ላ ሴሽ የማትታይዎትን ክቡርነትዎን እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝምና የሚያስታውሱት ነገር እንዲበዛ ከልብ እመኛለሁ።

ታዛዥዎ፣ ትናንትም ዛሬም መምህርትዎ
ኢስሜይ ቤዶ

ግልባጭ፦
ለድንጋይ ጠራቢው ላምበርት
ለእህቴ ሰለስቲን (ጮክ ተብሎ ይነበብላት)
ለጥርስ ሐኪሟ (ምንም አላወቁምና ይቅር ብለናቸዋል)

ማስታወሻ፦ ኦስበርት ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው ለኃላፊው አይደለም፣ በሚለጠፈውም ላይ የለም፣ ላንተ ብቻ ነው።

ትልቁ ሳህን የእናቴ ነበር፤ የሕያው እጅ አልነካውም፣ እናቴ በልታለች። የተበላው ትንሹ የእናትህ የአዲና ነው። አዲና ከሞተች ጀምሮ በመንደሩ የድንጋይ ቀን በሆነ ቁጥር ሰለስቲን ትንሽ ሳህን ለብቻ ታስቀምጥላታለች፤ ሁለቱ አርባ ዓመት ከአንድ ቅርጫት ዓሣ ሸጠዋልና፣ ሌላ የሚያስቀምጥላትም የለምና። በላምበርት ግቢ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ድንጋይ የእሷ ነው። በቀብሯ ሳምንት አዘህ፣ ስሟን አስቀርጸህ፣ ልትወስደው አልመጣህም።

ሰለስቲን ነጩን ቀሚስ ስታይ ያለችው ይህ ነው፦ «አዲና፣ መጣሽ? ልጅሽ አስታወሰሽ?»

ሴትዮዋም፣ ጠዋት ወደብ ላይ እጃቸውን ጨብጠህ ሸኝተሃቸው ነበርና፣ ስቀው መለሱላት፦ «አዎ፣ ኦስበርት ነው የላከኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ለመንደሩ ስታወራ የነበረው ይህንን ነው። ኦስበርት እናቱን አስታወሰ እያለች። የምታለቅሰውም ለእናታችን እንዳይመስልህ። «ለእናታችን እኛ አለንላት፣ ለአዲና ማን አለላት?» ነው የምትለው።

በሦስተኛ ክፍል «እናቴ» በሚል ርዕስ በጻፍከው ድርሰት «ሳድግ ለእናቴ የድንጋይ ቤት እሠራላታለሁ» ብለህ ነበር። አሥር ከአሥር ሰጥቼህ ነበር። ትናንት ደብተሬን አውጥቼ ሰርዤዋለሁ።

ድንጋዩን ዛሬ ከላምበርት ግቢ አንሥተን ከዶሮ ኩስ አጽድተነዋል። ለአዲና የራሷ ቤት ስላልቀረላት አርብ በሰለስቲን አልጋ ያድራል፤ ቅዳሜ እንሸኘዋለን። ሰለስቲን «አዲና ከበላች በኋላ እኔም እቀምሳለሁ» ብላለች። አንተም ብትመጣ በሩ ክፍት ነው። አትፈር፤ በድንጋይ ቀን የገባን ሰው የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።