ከሦስት የሚበልጥ ቁጥር

ለሕክምና ርቀህ ለሄድከው ታናሽ ወንድሜ፣ ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ። ከእማማ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ ያው ማታ ማታ ለፈተና የሚዘጋጁትን ሂሳብ አስተምራለሁ። ጥያቄው መልሱን አውጡ አይልም፤ የተሰጠው መረጃ መልሱን ለማወቅ ይበቃል ወይ ነው የሚለው። ትናንት "አንድ ሙሉ ቁጥር ከሦስት ይበልጣል፤ ቁጥሩን ለማወቅ ይህ ይበቃል?" አልኳቸው። ሹፌሩ ተማሪዬ ቸኩሎ "ይበቃል፣ አራት ነው!" አለ። "አርባስ ከሦስት አይበልጥም? ከስንት እንደሚያንስ ማን ነገረህ?" ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገኝ?

ያን ቀን ጠዋት መልእክትህን ለእማማ አንብቤላት ነበር። "ከአምናው ይሻለኛል" ይላል፣ ሌላ የለውም። እሷ "ተመስገን፣ ዳነልኝ!" ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። እኔ አምና ከአልጋ ደግፌ ያነሳሁህ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ "ይሻለኛል" ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ስንት ኪሎ እንደሆንክ ጻፍልኝ።

እማማ አንተ ስትመለስ የምትለብሰው ሱሪ እየሰፋችልህ ነው። "ወገቡን በድሮው ልክ ልቁረጠው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ላስቲክ አድርጊበት" አልኳት።

በል፣ በደህና ያገናኘን።

እህትህ